የገበያ ቀን ቲያትርና የአበልጄ ምስጢር

ቲያትር እወዳለሁ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ የምጽፈውን ያነበበ ሰው «ሽማግሌው ድሮም ቲያትር ጠል ነው» እንዳይለኝ። በፍኖተ ሰላም የገበያ ቀን ቲያትርን ከእኔ በላይ የወደደ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ደብዳቤ ሳነብ ዛሬም ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ መጽሐፍ ጀምሬ ጨርሼ አላውቅም። ቲያትር ግን ማንበብ አይጠይቅም። ቁጭ ብሎ ማየት ነው።

ነገሩን ያመጣው ተከራዬ ነው። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ልጆቼ ከገጠር አውጥተው ከተማው ዳር ቤት ሠሩልኝ። ከጎኑ ያለችውን ክፍል ለአንድ መምህር አከራየሁ። ከሌላ አገር የመጣ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ሻዩ ላይ ስኳር የሚያበዛ ወጣት ነው። ብቻውን ሲሆን ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሆኖ ይነጋገራል፤ አንዴ እንደ ሴት፣ አንዴ እንደ ወንድ። መጀመሪያ ታሟል ብዬ ነበር። ለካ ቲያትር እየጻፈ ነው።

ከመምህራንና ከተማሪዎች ጋር ሆኖ ክበብ አቋቋመ። አሮጌውን የቀበሌ አዳራሽ ለመኑና ተፈቀደላቸው። በእሁድ ከሰዓት ማሳየት ጀመሩ፤ የሚመጣው ግን ያው የቢሮ ሠራተኛው ነው፤ ያውም ግማሹ ስልኩን እያየ። አንድ ቀን ተክዞ ሲመጣ፣

«መምህር፣» አልኩት፣ «ሰው ከፈለግህ በገበያ ቀን አድርገው። ገበሬው በርበሬውን ከሸጠ በኋላ መኪና እስኪሞላ የሚቀመጥበት የለውም፤ ጠላ ቤት ነው የሚገባው። መግቢያውን ከአንድ ጣሳ ጠላ አሳንሰው፤ ያኔ አዳራሹ ካልሞላ እኔን ሽማግሌ አትበለኝ።»

«ገበሬ ቲያትር ይወዳል አባባ?»

«ገበሬ ለቅሶ ላይ ሙሾ አውራጅ ሲሰማ አይተኸዋል? ሠርግ ላይስ? ከእናንተ በላይ ያውቅበታል።»

ሞላ። ኧረ ከመጠን አለፈ። ያልተሸጠ የበርበሬ ጆንያ የያዘ ሁሉ ጆንያውን ይዞ ይገባል፤ አዳራሹ ይታጠናል፤ ሰው ያስነጥሳል። አንድ ቀን መድረክ ላይ ሞቶ የተገነዘው ተዋናይ ከመግነዙ ውስጥ አስነጠሰው። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ይማርህ!» አለ። አልቃሾቹ ራሳቸው ሳቁ። የዚያን ቀን የሳቅሁትን ያህል ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ስቄ አላውቅም።

በሁለተኛው ወር ግን አንድ ከደጋ ዳሞት የወረደ ገበሬ፣ መድረክ ላይ የሙት ልጅ መሬት የሚቀማውን ሰውዬ ሊመታ ዱላውን ይዞ ዘለለ። አራት ሆነን ያዝነው። ከዚያ ወዲያ ዱላ በር ላይ ይቀራል ተባለ። ተቀባዩ ማን ይሁን ሲባል እኔ ተነሳሁ። የእኛ አገር ሰው ዱላውን ለማያከብረው ሰው አይሰጥም። እኔ እየተቀበልኩ ግድግዳው ላይ በተርታ አቆማለሁ፤ ወረቀት የለ፣ ቁጥር የለ። የማን ዱላ የትኛው እንደሆነ በቆዳው፣ በጉጡ፣ በቀለበቱ አውቃለሁ። ሲወጡ ሳይጠይቁኝ አቀብላለሁ። አንድም ተሳስቼ አላውቅም። መድረኩን ከበሩ ሥር ሆኜ በነፃ አያለሁ።

አበልጄን ያመጣሁትም እኔ ነኝ። የመጨረሻ ልጄን ክርስትና ያነሣ ሰው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የሚኖረው። በርበሬ ይዞ ከባለቤቱ ጋር ይመጣል። «አበልጅ፣ እዚህ ግቡ፤ ተከራዬ የጻፈው ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ባሕር ዳር ሄደው እንኳ በዚህ ዋጋ አያገኙም» ብዬ እጁን ይዤ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ወደደው። ከዚያ በኋላ በርበሬ ባይኖረውም ይመጣል። ባለቤቱ «ይኼ ቲያትር ሌላ ሚስት ሆነብኝ» እያለች ትስቃለች፤ እሷም ግን ከእሱ እኩል ነው የምትጣደፈው።

አሁን ስለ እነዚህ ባልና ሚስት የግድ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ጊዜው ርቋል፤ የሚያውቃቸው እንዳይለያቸውም መንደሩን አልጠራም። እነሱም ይጻፉት ብለውኛል፤ ለምን እንዳሉኝ ኋላ ይመጣል።

ከብዙ ዓመት በፊት ሚስቲቱ ወደ አባቷ ቤት ሄዳ ነበር። ሦስት ሽማግሌዎች ተላክን። ሁለቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። የዚያን ጊዜ ሦስታችንም «እዚህ የተባለው እዚሁ ይቀበር፤ ያወጣው እንዲህ ይሁን» ብለን ማልን፤ ልማዱ ነው፤ ያለዚያ ማን ሆዱን ይከፍታል? ከዚያ ባልየው ተናገረ። በወጣትነቱ ሰሜን ዘምቶ የተመለሰ ሰው ነው፤ በአገሩ ጀግና ነው፤ ሰው ሲጣላ መሐል የሚገባው እሱ ነው። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲመታ ግን መግቢያ ይጠፋዋል። ባዶው የእህል ጎታ ውስጥ ይገባና ክዳኑን ይደፋል። ሚስቱ ጎታው ላይ እጇን አስደግፋ ቆማ ትጠብቀዋለች፤ ነጎድጓዱ ሲያልፍ መታ መታ ታደርገዋለች፤ ይወጣል። ለማንም ትንፍሽ ሳትል ስንት ክረምት እንዲህ ኖራለች። አንድ ቀን ግን፣ ለምን እንደሆነ እሷም አታውቀው፣ ሲወጣ ራሱ ላይ ገለባ አይታ ሳቀች። በጥፊ መታት። ሄደች።

ይህን ሲነግረን እያለቀሰ ነበር። እሷም አለቀሰች። አስታረቅናቸው። ተመለሰች። ነገሩም ተቀበረ።

እኔ ነኝ ያወጣሁት።

ሐምሌ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ከመምህሩ ጋር በረንዳ ተቀምጠን ዝናብ እናያለን። ድንገት መብረቅ አጠገባችን ያለውን ባሕር ዛፍ መታው። መምህሩ ከወንበሩ ወደቀ። ሻዩ በደረቱ ፈሰሰ። ሲነሣ ፊቱ እንደ አመድ ሆኗል፤ አፍሯል፤ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። አሳዘነኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሐሜት አላማረኝም፤ ልጁን ላጽናና ብዬ ነው።

«አትፈር፣» አልኩት፣ «ከአንተ የበለጠ ስንት ወንድ አለ። አንድ ጀግና አውቃለሁ...» ብዬ ጀመርኩ። ስም አልጠራሁም፤ መንደር አልጠራሁም። ጎታውን ግን ነገርኩት። ክዳኑን ነገርኩት። የሚስቱን እጅ፣ ገለባውን፣ ሳቋን፣ ጥፊውን ነገርኩት። ስጨርስ ነው የደነገጥኩት።

«ልጄ፣ ይኼ የሽምግልና ነገር ነው። ከዚህ በረንዳ እንዳይወርድ።»

«አባባ ሙት! ከእኔ አፍ ይወጣል?» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አመንኩት።

በዓመቱ በሚያዝያ፣ መምህሩ አንድ ጠዋት ጓሮዬ የተደገፈችውን ትርፍ ቆርቆሮ አየና፣

«አባባ፣ ይቺን ቆርቆሮ ያውሱን፤ ለአዲሱ ቲያትር።»

«ምን ልታደርጓት?»

«ነጎድጓድ እንሠራባታለን። እንዲህ ሲያወዛውዟት...» ብሎ ይዞ ናጣት። ዶሮዎቼ ተበተኑ። እኔም ተቀብዬ ናጥኋት፤ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ከዚያ አልፎ አልጠየቅሁም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ? እኔ ደግሞ የቆረጡትን በትከሻዬ ተሸክሜ አዳራሹ ድረስ አደረስኩላቸው።

በዚያው ሳምንት የገበያ ቀን አበልጄና ባለቤቱ መጡ። ዱላውን ተቀበልኩት፤ የወይራ ነው፤ ጫፉ ላይ የጥይት ቀለህ የተሰካበት። «ዛሬ የሚያስቅ ነው አሉ» አለኝ። «እኔም አላየሁትም፤ ግቡ፣ ከፊት ቦታ አለ» አልኩት። ከፊት ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

አንድ ተማሪ ጢሙን በዱቄት አንጥቶ፣ የወታደር ካፖርት ለብሶ ወጣ። ይፎክራል። ጠላት እንዲህ አደረግሁ፣ መድፍ እንዲህ ማረክሁ ይላል። ሰው እልል አለለት። ከመጋረጃው ጀርባ የእኔ ቆርቆሮ ተናጠች። ልጁ ፉከራውን አቋረጠና ጎታ ውስጥ ዘሎ ገባ፤ ከካርቶን የሠሩት ጎታ ነው። ክዳኑን ደፋ። ሚስት ሆና የምትሠራዋ መጥታ ጎታውን መታ መታ አደረገች።

«ጀግናዬ፣ ምሳ ቀርቧል!»

ከውስጥ፣ «ጠላት ሄዷል ወይ?»

አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ። አጠገቤ ያለው ሰው ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ጥሎ ይንፈራፈራል። ከኋላ አንዱ፣ «እማማ፣ ከጤፉ ጋር እንዳይሰፍሩት!» ብሎ ጮኸ፤ እንደገና ሳቅ። ልጁ ከጎታው ሲወጣ ራሱ ላይ ገለባ ነበር። መምህሩ ገለባውን እንኳ አልተወውም።

አበልጄን ፈለግሁት። ከጀርባው ነው የማየው። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ያለቅሳል ብዬ በግድግዳው ጥግ ጥግ ወደ ፊት ሄድኩ። ይስቃል። ሰው ሁሉ እየሳቀ እሱ ብቻ ዝም ቢል ስለሚታወቅበት ይስቃል፤ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ ከጎኑ ላለው ሰው እንዲታይ እየዞረ ይስቃል። ዓይኑ ግን አይስቅም። ባለቤቱ አትስቅም። ነጠላዋን አገጯ ድረስ አጥብቃ ይዛ ዞረችና አየችኝ። ሽማግሌ ሆነን ከተቀመጥነው ከሦስቱ የቀረሁት እኔ ነኝ። ማን እንዳወጣው ለማወቅ ማሰብ አላስፈለጋትም።

ሲያልቅ ሰው እየተጋፋ ወጣ። ዱላ አቀበልኩ፤ እጄ ይሠራል፤ ልቤ የለም። ሁለቱ በሌላው በር ወጥተዋል። ግድግዳው ላይ አንድ የወይራ ዱላ ቀረ። የእኛ ሰው ዱላውን ጥሎ ወደ ቤቱ ሲሄድ ያን ቀን ነው ያየሁት።

መምህሩ ላቡን እየጠረገ መጣ። «አባባ! አዩልን? ሰው በሳቅ አለቀ እኮ!»

«የማንን ነገር ነው ያወጣኸው?»

መጀመሪያ አልገባውም፤ ወይም ያልገባው መሰለ። ኋላ ፈገግታው ተሰበሰበ። «አባባ፣ ስም አልጠራሁም። ሰሜን የዘመተ ሰው ስንት አለ!»

«አባባ ሙት ብለህ ምለህልኛል።»

«ሰው ያስተምራል ብዬ ነው...»

«ምን ተማሩ? ሰው ሲፈራ መሳቅ ተማሩ። ሰውዬው እዚህ ነበር። ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ነበር!»

ላቡን መጥረጉን ተወ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እርስዎም እኮ...» ብሎ አቆመ።

«ጨርሰው።»

«እርስዎም ስም ሳይጠሩ ነው የነገሩኝ። እኔም ስም ሳልጠራ ጻፍኩት።»

የአበልጄ ዱላ በእጄ ነበር። አላነሣሁትም። የምመልስለት ቢኖረኝ ኖሮ አነሣው ነበር።

«ይቅርታ አባባ፣ እናወርደዋለን፤ ሁለተኛ አይታይም» አለኝ። በሳምንቱ ግን አዳራሹ ከወትሮው በላይ ሞላ፤ ከዱርቤቴ ድረስ ወሬውን ሰምቶ የመጣ ነበር። «ክበቡ በድምፅ ወሰነ፤ ሕዝብ የወደደውን እንዴት እናውርድ?» አለኝ። ያኔ ነው ለሁለተኛ ጊዜ የተከዳሁት፤ የመጀመሪያው ስህተት ነው ልበል፤ ሁለተኛው ግን እያወቀ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ገብቼ ቆርቆሮዬን በትከሻዬ ይዤ ወጣሁ። ተማሪዎቹ ባዶ በርሜል አመጡ። በርሜሉ ይበልጥ ጮኸ።

ቢሮ ሄደህ ክሰስ ይለኝ ይሆናል አንዱ። ምን ብዬ? «የማን ታሪክ ነው?» ቢሉኝ ልናገር ነው። ከቤትህ አስወጣው ይለኛል ሌላው። «ያን የመሰለ ልጅ በምን አስወጣኸው?» ቢሉኝስ? ይኸው ዛሬም ከጎኔ ይኖራል። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ?» ይለኛል፤ «እግዜር ይመስገን» እላለሁ፤ ሌላ ቃል የለንም። ዱላ መቀበሉንም ተውኩ።

ሰኔ ሲገባ ዱላውን ይዤ አበልጄ ቤት ሄድኩ። ያኔ መንገዱ እንደ ዛሬ አልተዘጋም ነበር። ሁለቱም ቤት ነበሩ። እንደ ወትሮው ተነሥተው ተቀበሉኝ፤ ምግብ ቀረበ፤ «ብሉ እንጂ አበልጅ» ተባለ። እንዲህ ያለ ደግነት ከስድብ ይከብዳል። ዱላውን ከበሩ አጠገብ አቆምኩት፤ ማንም አላየውም። እጄን ታጠብኩና መሬት ላይ ተንበረከክሁ።

«አበልጅ፣ አጥፍቻለሁ። ድንጋይ ተሸክሜ በደጃችሁ ልቁም፤ የፈለጋችሁትን ሽማግሌ ጥሩ፤ የፈረዱትን እክሳለሁ።»

«ይነሡ አበልጅ» አለኝ። አነሣኝ። «ድንጋይ ተሸክመው ከቆሙ መንደሩ 'በምን በደለው?' ይላል። ሽማግሌ ብንጠራ ሽማግሌው 'ነገሩን ከሥሩ ተናገሩ' ይላል። ለማን እንነግረዋለን?»

ስንቱን ሰው አስታርቄያለሁ፤ ደም የተቃባ አስታርቄያለሁ። የራሴን ጥፋት ማስታረቂያ መንገዱ እንደተዘጋ እዚያ ቁጭ ብዬ ነው የገባኝ።

«ሰው እኔ መሆኔን አላወቀም፤» አለ አበልጄ፣ «ያ ደኅና ነው። ግን ቢያውቅ እንዴት እንደሚስቅ ሰማሁት። እስከ ዛሬ ያን አልሰማሁትም ነበር።»

«አሁንስ... ሲመታ?» አልኩት። መጠየቅ አልነበረብኝም።

የመለሰችልኝ ባለቤቱ ናት። «ጎታ መግባት ትቷል። ክዳኑን ሲይዝ ያ ሳቅ ይሰማዋል። እሜዳው ወጥቶ ከከብቶቹ መሐል ይቆማል። ባለፈው ከሾላው ሥር አገኘሁት። መብረቅ የሚመታው ዛፍ እንደሆነ ልጅ እንኳ ያውቃል። ድሮ የት እንዳለ አውቅ ነበር አበልጅ። እጄን አስደግፌ እጠብቀው ነበር። አሁን በዝናብ ፈልጌ ነው የማገኘው።»

ተነሥታ ምግቡን አነሣች። ከዚያ አበልጄ፣ «መጻፍ ይችላሉ አይደል?» አለኝ።

«እንደነገሩ።»

«እንግዲያው ይጻፉት። እነዚያ ልጆች የጻፉት ሳቁን ብቻ ነው። እሷ ስንት ክረምት እንደቆመች አልጻፉም። ስሜን አይጥሩ እንጂ ያን ይጻፉ።»

ይህ ነው ያስጻፈኝ። ይቅርታ አድርጎልኝ እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

የሸኘችኝ ባለቤቱ ናት። እሱ ደመናውን እያየ ከደጁ ቀረ። አጥሩ ጋ ስንደርስ ቆመችና፣ «አንድ ነገር ልለምንዎት። ከእንግዲህ ለሽምግልና ቢጠሩዎት አይቀመጡ። ሌላዋም ሴት እንደ እኔ አምና ትናገራለች» አለችኝ። ቁጣ የለባትም። እኔ በሰው ቃል የምረታ ሰው አይደለሁም፤ ልጆቼ ግትር ይሉኛል። የዚያን ዕለት ግን «እሺ» አልኩ።

በመስከረም ሦስት ሰዎች ከድሮ መንደሬ መጡ። አንድ ወጣት ከሚስቱ ተጣልቷል፤ ልጅቱ «እሳቸው ካሉበት እናገራለሁ» ብላለች አሉኝ። እኔን ነው ያለችው። ልጅ እያለች አውቃታለሁ።

«አልችልም» አልኩ።

«ጉልበትዎን ካመመዎ በባጃጅ እንወስድዎታለን።»

«አልችልም አልኳችሁ።»

«ምን አገኘዎት?»

በሩን ከፈትኩላቸው። ተያዩና ተነሡ። ከመካከላቸው አንዱ ሲወጣ፣ እንድሰማው ብሎ ይመስለኛል፣ «ከተማ ገባና ኮራ» አለ። መምህሩ በረንዳው ላይ ሆኖ ሰምቷል። ለምን እንደማልሄድ ሳይገባው አይቀርም፤ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ክፍሉ ገባ።